«ፈቃዱ ቢሆን ኖሮ ይቀናኝ ነበር»

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ፣ ከቢቸና ነው የምጽፍልዎ። ተመርቄ ሥራ ስላጣሁ እንጨት ሥራ መማር ጀመርኩ፣ ከባድ ሲሆንብኝ ተውኩት። ከዛ ዶሮ እርባታ ገባሁ፣ ዶሮዎቹ በፈንግል በሽታ አለቁ። አሁን ደግሞ ኮምፒውተር ኮርስ ጀምሬ አልገባኝም እያለኝ ነው። እግዚአብሔር ለምን እንደፈጠረኝ ምልክት እንዲያሳየኝ ሱባኤ ልግባ?

መልስ፦ ወንድሜ ሱባኤውን አልከለክልህም፣ ለንስሐ አባትህ ንገርና ግባ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ዶሮዎቹን የፈንግል ክትባት አስከትበሃቸው ነበር? ካላስከተብክ የፈቃዱን ነገር እንተወው፣ እግዚአብሔር ላይ አታላክ።

እየቀለድኩብህ አይደለም። «ከእግዚአብሔር ከሆነ ይቀናል፣ ካልቀና የኔ አይደለም» የሚለውን ነገር ከስንት ልጅ እንደሰማሁት ቁጥሩም ጠፍቶኛል። ከየት እንዳመጣችሁት ግን አላውቅም፣ ከመጽሐፍ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ትልቅ በር ተከፍቶልኛል ይልና እዛው ላይ ተቃዋሚዎችም ብዙ ናቸው ይላል (1ኛ ቆሮ 16፥9)፣ በሩ መከፈቱንም ተቃዋሚ መብዛቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የሚነግርህ፣ ተቃዋሚ ስለበዛ በሩ የኔ አይደለም አላለም።

መንገድ ሲዘጋ ፈቃዱ ያልሆነበት ጊዜ የለም አልልም፣ አለ። በለዓምን መልአኩ መንገድ ላይ ያስቆመው አካሄዱ ጠማማ ስለነበር ነው። ሥራህ ውስጥ ውሸት ወይ የሰው ገንዘብ ካለ ሳይቸግርህም ተወው። ያንተ ግን እንጨት መላግ ነው፣ ምን ኃጢአት አለው?

የቅዱስ ያሬድን ትል ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እየወደቀች ደጋግማ ሞክራ ዛፉ ላይ የወጣችውን። እሷን አልደግማትም። እኔን የሚገርመኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ያሬድ ልጅ ሆኖ ትምህርት አልገባው ብሎ ተገርፎ ነው የጠፋው፣ ምልክቱን አይቶ ወዴት ሄደ? ሌላ አገር፣ ሌላ ሙያ? የለም፣ ወደዛው ወደገረፈው አጎቱ ወደ ጌዴዎን ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀና ትምህርቱን ቀጠለ። አየህ ምልክት ስትለምን ጥሩ፣ ግን ምልክቱ ጥለኸው ወደመጣኸው ነገር ተመለስ ቢልህስ? ትሰማዋለህ?

እኛም ቅኔ ቤት እንደዛው ነበርን። ጉባኤ ቃና የምትባለው አጭሯ ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ጫካ ውስጥ ብቻህን ቆጥረህ፣ ማለትም ቅኔውን አዘጋጅተህ፣ ማታ ለየኔታ ስትነግር ተበላሸ ይሉህና ትመለሳለህ፣ በነጋታው ደግሞ ቁራሽ ለምነህ፣ ውሻ አባሮህ፣ እንደገና ትቆጥራለህ። እዛ ማንም ተሰጥኦ አለኝ ወይ የለኝም ብሎ ቁጭ ብሎ ሲያስብ አላየሁም፣ ጊዜውም አልነበረንም። የቅኔ ሰው መሆኑን ያወቀ ሁሉ ያወቀው ሲመላለስ ነው። አንተ የገበሬ ልጅ ከሆንክ ደግሞ ይሄን እኔ አልነግርህም፣ ለጤፍ የሚሆን መሬት በአንድ እርሻ ይለሰልሳል እንዴ? ጌታችንም ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚያይ ሰው የተናገረው (ሉቃ 9፥62) ለኛ አገር ሰው ትርጓሜ አያስፈልገውም።

በል አሁን እንዲህ አድርግ። አራተኛ ነገር አትጀምር። እንጨት ሥራውን ያስተምርህ የነበረው ሰውዬ አሁንም እዛው ካለ ሰኞ ጠዋት ሂድና ጥዬህ ስለሄድኩ ይቅር በለኝ በለው። ፊት ቢነሳህ ማክሰኞም ሂድ።