የቆየ ቬሎ፣ ያረጀ በር፣ የደረቀ አበባ፦ የሰርግ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዓይነት ሰርግ ናቸው። የድሮ መልክ ያለው፣ ገጠር ገጠር የሚል፣ በእጅ የተሠራ ነገር የሚበዛበት፣ ብዙዎቻችሁ ቪንቴጅ ወይም ሩስቲክ የምትሉት። በጣም የምወደው የሰርግ ዓይነት ነው። አንድ ነገር ግን ከሁሉም መልስ በፊት ልበል፦ የእጅ ሥራው ሙሽሮቹን ማስደሰት እንጂ ሰርጋቸው ቀን ላይ ደክመው እንዲደርሱ ማድረግ የለበትም። መልሶቼን ስታነቡ ይህን ያዙልኝ።

ሁሉንም ነገር በእጃችን መሥራት እንፈልጋለን። ጥሪ ካርዱን፣ የጠረጴዛ ጌጡን፣ ለእንግዶች የሚሰጠውን ማስታወሻ፣ ሁሉንም። 200 እንግዳ አለን፣ የቀረን አምስት ወር ነው፣ ሁለታችንም ሥራ እንገባለን። ከየት እንጀምር?

ከሰዓት ጀምሩ። ልትሠሩ ካሰባችሁት ነገር አንድ ብቻ ሥሩና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ያዙ። ከዚያ አባዙት። አንዷ ካርድ ተቆርጣ፣ ተጽፋ፣ በሲባጎ ታስራ 12 ደቂቃ ከወሰደች 200 ካርድ 2400 ደቂቃ ይፈጃል። 40 ሰዓት ማለት ነው፣ ለካርድ ብቻ። ይህን ስሌት ሳይሠሩ የገቡበት ጥንዶች ናቸው የሰርጋቸውን ዋዜማ ሙጫ ሲቀቡ የሚያድሩት።

እኔ ነገሮቹን ሦስት ቦታ እከፍላቸዋለሁ። ለሰርጉ አንድ ብቻ የሚያስፈልግ ነገር አለ፦ የመግቢያው ጽሑፍ፣ የመቀመጫ ዝርዝር የሚለጠፍበት ሰሌዳ፣ የሙሽሪት እቅፍ አበባ፣ የቀለበት ማስቀመጫ ትራስ። ለየጠረጴዛው አንድ የሚያስፈልግ አለ። ለየእንግዳው አንድ የሚያስፈልግ ደግሞ አለ። ጊዜያችሁን በመጀመሪያው ላይ አፍስሱ፤ ፎቶ ላይ የሚወጣውም፣ ከሰርጉ በኋላ ቤታችሁ የሚቀመጠውም እሱ ነው። ከሁለተኛው አንድ ነገር ምረጡ። ከሦስተኛው ምንም ባትሠሩ ማንም አይቀየማችሁም፣ ለእንግዳ የሚሰጥ ማስታወሻ ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ እንደሚቀር መቼም አይታችኋል። የግድ ካላችሁ የስም ካርዱን ሥሩ። ሰው ስሙን በእጅ ተጽፎ ሲያገኘው ደስ ይለዋል፣ አብዛኛው ሰው ይዞት ይሄዳል።

ሌላው፣ ሰርጉ አንድ ወር ሲቀረው የእጅ ሥራው በሙሉ አልቆ ካርቶን ውስጥ ይግባ። እስከዚያ ያላለቀ ነገር ይቅር። የመጨረሻው ወር የራሱ ጣጣ አለው፤ የእንግዳ ቁጥር ይቀያየራል፣ ልብስ ይጠባል፣ ስልኩ አያርፍም።

ልጄ እኔ ያገባሁበትን ቬሎ ልልበስ ብላለች። በጣም ደስ ብሎኛል፤ ግን ቢጫ ሆኗል፣ ዳንቴሉም አንድ ቦታ ተቀዷል። በበረኪና ላነጣው?

እባክዎን በረኪናውን ይተዉት። ጨርቁ ሐር ከሆነ በረኪና ክሩን ራሱን ይበላዋል፤ ጥጥም ቢሆን ያረጀ ክር አይችለውም።

መጀመሪያ ጨርቁን ይለዩ። ከውስጥ በኩል ስፌቱ ጠርዝ ላይ ካለው ትርፍ ጥቂት ክር ይምዘዙ፣ በመቆንጠጫ ይያዙና የውሃ ሳህን አጠገብ ሆነው ጫፉን በክብሪት ይለኩሱት። እንደ ተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሐር ነው። እንደ ተቃጠለ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ወይም ሊነን ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጉብታ ከሠራ ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው። ዳንቴሉን ለብቻው ይሞክሩት፤ ቀሚሱ ሐር ሆኖ ዳንቴሉ ጥጥ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሐር ከሆነ ቤት ውስጥ አይንኩት፣ የቆየ ልብስ የማጠብ ልምድ ላለው ሰው ይስጡት። ጥጥ ወይም ፖሊስተር ከሆነ ግን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይዘፍዝፉት፣ አይሹት፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ደጋግመው ይቀይሩለት። ሲያወጡት ከሥሩ በፎጣ ይደግፉት። ውሃ የጠጣ ቬሎ በጣም ይከብዳል፤ በማንጠልጠያ ከተሰቀለ ትከሻው ላይ ይተረተራል። ጠፍጣፋ ቦታ ዘርግተው ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ለተቀደደው ዳንቴል ከጀርባው ቱል የሚባለውን ስስ መረብ ጨርቅ አስገብተው በቀጭን ክር ይያዙት፤ ሙጫ የሚባል ነገር እንዳይነካው።

ቢጫነቱ ሙሉ በሙሉ ባይለቅ ደግሞ አይዘኑ። ነጭ ቬሎ የተስፋፋው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት እዚያ የነበሩ ሙሽሮች በየቀለሙ ያገቡ ነበር። የንግሥቲቱ ቀሚስ ያማረበትም ዳንቴል ሆኒተን የሚባለው የእንግሊዝ የእጅ ሥራ ነው። ክሬም የመሰለ ቬሎ እንዲህ ዓይነት ሰርግ ላይ ከበረዶ ነጭ ይልቅ ያምራል ብዬ በሙሉ ልቤ እነግርዎታለሁ። ልኳ አልሆን ካለ ደግሞ ከዳንቴሉ ቁራጭ ወስደው የእቅፍ አበባዋን እጀታ ይጠቅልሉላት። ቀኑን ሙሉ በእጇ ይዛው ትውላለች።

ከፈረሰ ቤት የወጣ የእንጨት በር አግኝቻለሁ። ቀለሙ ተሰነጣጥቆ በጣም ያምራል፣ የመቀመጫ ዝርዝር ላደርገው ነው። ከፓሌትም (ዕቃ ከሚጫንበት የእንጨት ርብራብ) አግዳሚ ወንበር ልሠራ አስቤያለሁ። የምጠነቀቀው ነገር አለ?

አለ ወንድሜ፣ ሁለቱም ላይ።

በሩ ላይ ያለው አሮጌ ቀለም ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ እንኳ ከመኖሪያ ቤት ቀለም ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ስለዚህ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው፤ አደገኛው አቧራው ነው፣ ለሕፃናት ደግሞ ይብሳል። ማስክና ጓንት አድርግ፣ የላላውን ቀለም በእርጥብ ጨርቅ አንሳ፣ ጨርቁን ጣለው፣ ከዚያ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ቀባው። የተሰነጣጠቀው መልኩም ሳይጠፋ ይቀራል። ስም ዝርዝሩን በሩ ላይ አትጻፍ፣ ወረቀት ላይ ጽፈህ ለጥፍ፤ በመጨረሻው ሳምንት ሰው ጠረጴዛ መቀያየሩ አይቀርም። በሩን ደግሞ ግድግዳ ላይ ደገፍ አድርገህ እንዳትተወው፣ እሰረው። ልጆች የሚሮጡበት ቦታ ላይ ከባድ በር ሊወድቅ ይችላል።

ፓሌት ስትመርጥ ጎኑ ላይ የተመታውን ማህተም ፈልግ። "ኤች ቲ" የሚል ካለበት በሙቀት የታከመ ነው፤ የእንጨቱ ውስጥ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው። "ኤም ቢ" የሚለውን ተወው፣ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዝ የታጠነ ነው። ማህተም የሌለውን፣ ቅባት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትንም አትውሰድ። ወንበሩን ሠርተህ ስትጨርስ ያረጀ የሴት ስስ ካልሲ በእጅህ አጥልቀህ እንጨቱን ከዳር እስከ ዳር ዳብሰው። ካልሲው የተያዘበት ቦታ ሁሉ ቀሚስ ይይዛል፤ እዚያ ቦታ ላይ እንደገና ፈግፍግ።

የጆንያ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ያምራል ወይስ ሰው ሰለቸው?

ትንሽ ከሆነ ያምራል። ጠረጴዛውን ሙሉ አታልብሱት፤ ክሩ ይረግፋል፣ ሽታም አለው። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ መሃል ለመሃል በቀጭኑ አንጥፉት፣ በሁለቱም ጫፍ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይንጠልጠል። ስትቆርጡት በዓይን አትገምቱ። መቁረጥ የፈለጋችሁበት ቦታ ላይ አንዲት ክር ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ምዘዙ፤ ክሯ የወጣችበት ቀጥ ያለ መስመር ይታያችኋል፣ መቀሱን በዚያ ላይ መንዳት ነው። ቀድማችሁም ሜዳ ላይ አስጡት፣ ሽታው ይለቃል።

የጓደኛዬን ሰርግ አበባ እኔ ልሠራ ቃል ገብቻለሁ። መቼ ልቁረጥ? ደረቅ አበባስ ይሻላል?

ግማሽ በግማሽ አድርጊው፣ ብዙ ጭንቀት ይቀንስልሻል።

ደረቁን አሁኑኑ ጀምሪ። ጂፕሶፊላ፣ ላቬንደር፣ ስታቲስ፣ ያልፈነዳ ጽጌረዳ በደንብ ይደርቃሉ። ቅጠሉን ቀንሺ፣ በትንንሽ እስር አድርጊና ጨለማና አየር ያለበት ክፍል ውስጥ ዘቅዝቀሽ ስቀይ። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ብርሃን ካገኘ ቀለሙ ይሄዳል፣ እርጥበት ካገኘ ይሻግታል።

ትኩሱን አበባ ከሰርጉ አንድ ቀን ቀደም ብለሽ በጠዋት ቁረጪ። ግንዱን አግድም ሳይሆን ሰያፍ አድርጊው፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ንቀይ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ቦታ ውሃ ውስጥ ይደር። ፍራፍሬ ያለበት ክፍል ግን አታስቀምጪው፤ ሲበስል የሚያወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አበባ ያጠወልጋል።

ማስቀመጫው የቆየ ጠርሙስ ከሆነ አፉ ጠበብ ያለውን ምረጪ። ሁሉም የሚወዱት በጥምዝ የሚከደነው ሰፊ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ ጆን ላንዲስ ሜሰን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1858 ባለቤትነቱን ያስመዘገበው፣ ሲያዩት ቆንጆ ነው፤ ግን አፉ ሰፊ ስለሆነ አበባው ተበታትኖ ይተኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ አፉ ላይ ስስ ፕላስተር እያቋረጥሽ እንደ ወንፊት አድርጊበት፣ በየቀዳዳው አንድ አንድ ግንድ አስገቢ።

ኬክ ላይ አበባ አድርጊልን ካሉሽ አስቢበት። ኦሊያንደርና ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ መርዛማ ናቸው፣ ኬክ አጠገብም አይድረሱ። ሌላውም ቢሆን ለጌጥ የሚሸጥ አበባ ፀረ ተባይ ሊረጭበት ስለሚችል ለምግብ ተብሎ ያልበቀለውን አታድርጊ።

ጥሪ ካርዱ ያረጀ ወረቀት እንዲመስል በሻይ ነከርነው፤ ቀለሙ ተለቀለቀ፣ ወረቀቱም ተጨማደደ።

ቅደም ተከተሉ ነው የተበላሸው። ቤት ውስጥ ያለው ኢንክጄት ፕሪንተር ቀለም ውሃ ሲነካው ይለቃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሻዩ፣ ኋላ ህትመቱ። ወረቀቱን አትንከሩት፤ የቀዘቀዘ ጥቁር ሻይ በስፖንጅ ቀቡት፣ ጠፈፍ ሲል በሁለት ንጹህ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበትና ይደር። ጠርዙ በእጅ የተቀደደ እንዲመስል ከፈለጋችሁ ማስመሪያ አስደግፋችሁ በእርጥብ ብሩሽ መስመር አስምሩ፣ ውሃው ሲገባበት ወደ ራሳችሁ ሳቡት።

አማቴ "ድህነት ይመስላል" ብለው ቅር ብሏቸዋል። ምን ልበላቸው?

ስጋታቸው መሠረት አለው። አሮጌ ነገር ዝርክርክ ሲል በእርግጥ የቸገረው ሰው ቤት ይመስላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ንጽሕናና ድግግሞሽ ነው። የጠረጴዛው ልብስ ያረጀ ይሁን፣ ግን ይተኮስ። ጠርሙሶቹ የተለያዩ ይሁኑ፣ ግን መስታወት መስለው ይታጠቡ። ሳህኖቹ ከየቦታው የተሰበሰቡ ከሆነ ሁሉም ነጭ ይሁኑ፤ ወንበሮቹ የተለያየ ቅርጽ ካላቸው ቀለማቸው አንድ ይሁን። ቀለሙም ቅርጹም ዕድሜውም ሁሉም ከተለያየ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ለአማትሽ በቃል ከማስረዳት አንድ ጠረጴዛ ሙሉ በሙሉ አሰናጂና ቤት ጠርተሽ አሳያቸው። ደግሞ የራሳቸውን ነገር ጠይቂያቸው፤ የሰርጋቸውን ፎቶ፣ በወጣትነታቸው የጠለፉት ጨርቅ ካለ እሱን። መግቢያው ላይ በክብር አስቀምጪላቸው። እናትሽንም እንደዚሁ። ይህንን ልብሽ ሳይፈቅድ እንዳታደርጊው ግን፤ የሁለት ቤተሰብ የቆየ ነገር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ከማየት የበለጠ እንዲህ ዓይነቱን ሰርግ የሚያሳምር ነገር አላውቅም።

እንግዶችን ድርቆሽ ላይ እናስቀምጥ፣ ሻማም እናብዛ ብለናል። ችግር አለው?

ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑም። ደረቅ ሣር፣ ጆንያ፣ የደረቀ አበባ፣ እነዚህ ሁሉ እሳት ፈላጊ ናቸው። ሻማ ካላችሁ ከነበልባሉ ከፍ የሚል ብርጭቆ ውስጥ ይሁን፣ ከደረቅ አበባም ይራቅ፣ የእሳት ማጥፊያ ቅርብ ይኑር። ለመቀመጫ ከድርቆሽ ይልቅ ገለባ ይሻላል፣ አቧራውም ማስነጠሱም ያነሰ ነው፤ በላዩ ወፍራም ጨርቅ አልብሱት። ለብርሃኑ የኤል ኢ ዲ አምፖል ይበቃችኋል። ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በታች የሚለውን ፈልጉ፣ የሻማ ዓይነት ሞቅ ያለ ብርሃን አለው። 6500 የሚለው ነጭ ብርሃን ያን ሁሉ ልፋታችሁን ቢሮ ያስመስለዋል። ውጭ የሚሰቀል ከሆነ ደግሞ ዝናብ የሚችል መሆኑን አረጋግጡ፣ አይ ፒ 44 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይኖረዋል።

ማታ ሁሉንም ነገር ማን ያነሳል?

ሙሽሮቹ አይደሉም፣ ሚዜዎቹም አይደሉም። ሁለት ሰው ቀድማችሁ ለምኑ፣ እሺ ማለታቸውን አረጋግጡ። የተዋሳችሁት ዕቃ ሁሉ ሥሩ ላይ የባለቤቱ ስም በፕላስተር ይለጠፍበት፤ በየካርቶኑ ክዳን ውስጥ ደግሞ ምን ምን እንደሚገባበት ጽፋችሁ ለጥፉ።