አሮጌ የሆንዳ ሞተር ሳይክል ለገዛችሁ፦ የፎርኩ መያዣ ተሰንጥቆ ስታገኙት

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ደወለልኝ። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ነው የሚኖረው። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር" አለኝ። ድምፁ ስለከበደ ገንዘብ ሊበደር መስሎኝ ነበር። ለካ የገዛት የ1976 (እ.ኤ.አ.) ሆንዳ ሲቢ 550 ሞተር ሳይክል መሪዋ ሥር ስንጥቅ አግኝቶባታል።

"እንደ ፀጉር የቀጠነች ናት። አሉሚኒየም የሚበይድ ልጅ አግኝቻለሁ፤ በ60 ዶላር እጨርስልሃለሁ ብሎኛል።"

"እንዳታስነካት" አልኩት። "እንዳትነዳትም። ቅዳሜ እመጣለሁ።"

ይህን የምጽፈው ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ከማውቃቸው ልጆች ውስጥ እነዚህን የሰባዎቹን ሆንዳዎች የሚገዛው በዝቷል። አይፈረድባቸውም። ሲቢ 750 በ1969 ስትወጣ አራት ሲሊንደርና የፊት ዲስክ ፍሬን ይዛ ነው ዓለምን ጉድ ያሰኘችው። 500ዋ በ1971 ተከተለች፣ ከዚያ 550ዋ። ሞተራቸው ጠንካራ ነው፤ ድምፃቸው ልብ ይሰርቃል። ግን ዛሬ የምትገዟት ዕቃ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ የኖረች ናት። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንቱ ቁልፍ ይዞ እንደታገላት አታውቁም። ሞተሩን ሁሉም ሰው ያዳምጣል። የፊቱን ብረት ግን ማንም ጎንበስ ብሎ አያይም።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንግባባ። የፊት ጎማው በሁለት የፎርክ ቱቦዎች መካከል ነው ያለው። ሁለቱን ቱቦዎች ከሻሲው ጋር የሚያያይዟቸው ሁለት መያዣዎች ናቸው፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። አሜሪካኖቹ ትሪፕል ትሪ ይሏቸዋል። ሆንዳ ራሱ የላይኛውን ድልድይ ብሎ ነው የሚጠራው፤ እኔም ድልድይ እላለሁ፣ ሥራውን ይገልጸዋል። የድልድዩ ጫፍ ቱቦውን እንደ ጭብጥ እጅ ይይዘዋል። ጭብጡ ላይ ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት አለ። ቡሎኑ ሲጠብቅ ክፍተቱ ይጠብና ቱቦው ይያዛል። የልጁ ስንጥቅ የነበረው እዚያው ላይ ነው፤ ከቡሎኑ ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ ውስጥ እየሄደ።

አገር ቤት ያደግን ሰዎች አንድ ልማድ አለን። የተሰበረ ነገር ይበየዳል፣ በቃ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ቆሞ ላየ ሰው በዓለም ላይ የማይበየድ ነገር ያለ አይመስለውም። ይህን ልማድ አልነቅፍም። መለዋወጫ በማይገኝበት ቦታ ብየዳ ጥበብ ነው፤ እኔም ከእነዚያ ሰዎች ብዙ ተምሬአለሁ። እዚህ ግን ዕቃው በፖስታ በሳምንት ውስጥ በርህ ላይ ይደርሳል። በዚያ ላይ ይሄ ድልድይ የበር ማጠፊያ አይደለም። ፍሬን ስትይዙ የሞተር ሳይክሏም የእናንተም ክብደት ወደ ፊት ይጫናል፤ ያንን ሁሉ የሚሸከሙት እነዚህ ሁለት መያዣዎች ናቸው።

ቅዳሜ ሄድኩ። መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ማግኔት ማስጠጋት ነው። ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ አሉሚኒየም። የእሱ አልያዘም። ይህን ማወቅ ለኋላው ሁሉ ይጠቅማል።

ቀጥሎ የጠየቅነው፣ እውን ስንጥቅ ነው ወይስ ስንጥቅ የሚመስል ነገር? ቀለም ይሰነጠቃል፣ ብረቱ ደህና ሆኖ። ቀልጠው በቅርጽ የተሠሩ ዕቃዎች ላይ ደግሞ ሁለቱ ቅርጾች የተጋጠሙበት መስመር ይቀራል። እሱ ቀጥ ያለና ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ጣት ያገኘዋል። ስንጥቅ ግን ከጠርዝ ወይም ከቀዳዳ ይነሣል፣ ይጠማዘዛል፣ ካጸዳችሁት በኋላ ዘይት እየተፋ መልሶ ይጠቁራል። እርግጠኛ ለመሆን ዳይ ፔኔትራንት የሚባል ቀለም ይሸጣል። ሦስት ቆርቆሮ ነው። በአንዱ ታጸዳላችሁ። ቀዩን ትነፉና አሥር ደቂቃ ያህል ትተዉታላችሁ። ከዚያ ላዩን በጨርቅ ጠርጋችሁ ነጩን ትነፉበታላችሁ። ስንጥቅ ካለ በነጩ ላይ ቀይ መስመር እየደማ ይወጣል። የልጁ ስንጥቅ በዓይን ከምትታየው በእጥፍ ረዝማ ወጣች። ፊቱን ብታዩት!

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን ሳታደርጉ ዕቃውን በአሸዋ እንዳታስነፉት። አሸዋው ላዩን እየቀጠቀጠ የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል። ዕቃው እንደ አዲስ ያበራል፤ ስንጥቁ ግን ውስጥ አለ። አብረቅርቆና ቀለም ተቀብቶ የሚሸጥ ድልድይ ሳይ የምጠራጠረው ለዚህ ነው።

ለምን ተሰነጠቀ? ብዙውን ጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ ከሚገባው በላይ አጥብቀውታል። ሰው የፎርክ ቡሎን ሲያይ ይፈራል። "ይሄማ መላላት የለበትም" ይልና በረጅም ቁልፍ ይንጠለጠልበታል። አሉሚኒየም ደግሞ አያማርርም፤ ዝም ብሎ ይችልና አንድ ቀን ይሰነጠቃል። የ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 25 ኒውተን ሜትር የማጥበቂያ ኃይል ይበቃዋል። ትክክለኛው ቁጥር የሞዴላችሁ የጥገና መጽሐፍ ላይ አለ፤ ከእኔ አፍ ሳይሆን ከዚያ ውሰዱ። ለመኪና ጎማ የምትጠቀሙበትን ትልቁን ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካውን ቁልፍ፣ ለዚህ አትጠቀሙ። ትንሽ ቁጥር ላይ ያሳስታል። አነስ ያለውን ግዙ ወይም ተዋሱ።

ሁለተኛው ምክንያት መውደቅ ነው፤ እሱ ከሆነ ነገሩ ይሰፋል። ድልድይ የሚሰነጥቅ ግጭት ቱቦም ያጎብጣል። ቱቦዎቹን አውጥታችሁ በወፍራም መስታወት ላይ አንከባሉ፤ ከጎበጡ ሲዘሉ ታያላችሁ። የመሪው ማቆሚያ ጉብታ፣ ማለትም መሪው እስከ ጥግ ሲዞር የሚያርፍበት፣ ተሰብሮ ወይም ተቀጥቅጦ ከሆነም አንድ ሰው በኃይል ወድቆባታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሻሲውን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

አሁን ወደ 60 ዶላሩ ብየዳ። የበያጁ ልጅ እጅ መጥፎ ነው አላልኩም፤ ሥራውን አይቼዋለሁ፣ ያምራል። ችግሩ ሌላ ነው። ያረጀ የቀለጠ አሉሚኒየም በየቀዳዳው ዘይት ጠጥቷል፤ ሲሞቅ ዘይቱ እየወጣ ብየዳውን ወንፊት ያደርገዋል። ብየዳው ራሱ ቢያምርም ከጎኑ ያለው በሙቀቱ ይለሰልሳል። ከዚያ አዲሱ ስንጥቅ ከብየዳው አጠገብ ይጀምራል። ጥንካሬውን ለመመለስ እንደገና በምድጃ ሙቀት ማከም ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ሌላ ድልድይ ከመግዛት ይበልጣል። በሙጫ ስለ መለጠፍ የጠየቀኝም ነበር። ለእሱ መልስ አልሰጠሁም፤ ቡና አቀረብኩለት።

ብየዳ ሁሉ ይቅር አላልኩም። የመብራቱ መያዣ ጆሮ ቢሰነጠቅ ብረት ከሆነ አስበይዱት። የጭቃ መከላከያው እግርም እንደዚሁ። እኔ አንዲት ጥያቄ አለችኝ፤ ይሄ ነገር በ60 ማይል ላይ ቢለቅ ጎማው ከእጄ ይወጣል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ዕቃው ይቀየራል።

ዕቃ ስትፈልጉ የሆንዳን ቁጥር ማንበብ ልመዱ። የድሮዎቹ የዕቃ ቁጥሮች አምስት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሦስት አሃዝ ናቸው። መሐል ያሉት ሦስቱ ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛዋ ሞዴል እንደተሠራ ይናገራሉ። 300 ካለ ለሲቢ 750 ነው፤ 323 ካለ ለሲቢ 500። ኢቤይ ላይ ሻጩ "ለሁሉም ይሆናል" ቢላችሁ ቁጥሩን ጠይቁት። የቱቦውን ውፍረትም ለኩ፤ የ33 ሚሊ ሜትር መያዣ 35 አይዝም። ሻጩ ከላይ ያነሣውን ፎቶ ብቻ አትመኑ። ከሥር፣ ከኋላ፣ የቡሎኑን ክፍተትም በቅርብ አንሥቶ ይላክ። እምቢ ካለ እለፉት። ታችኛውን የምትገዙ ከሆነ መሪ የሚቆልፈው ቁልፍ እዚያ ላይ ካለ መክፈቻውንም ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ገዝቼ ሁለት ቁልፍ ይዤ ስዞር ኖሬአለሁ።

አዲሱ ሲመጣም ያንኑ ቀይ ቀለም ንፉበት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የገዛኸው ዕቃም እኮ የ50 ዓመት ዕቃ ነው።

ስትገጥሙ፣ ሞተር ሳይክሏ እንዳትወድቅ አስተማማኝ ቦታ አቁሙና የፊቱን ከፍ አድርጉ። ታችኛውን የምታወርዱ ከሆነ መሬቱ ላይ ጨርቅ አንጥፉ። የእነዚህ ሆንዳዎች የመሪ ኩሽኔታ ልቅ ኳሶች ናቸው፤ ዱብ ዱብ ብለው ጋራዡን ሙሉ ይበተናሉ። ልጁ ከማጠቢያ ማሽኑ ሥር ሁለት ኳስ ፈልጎ ያወጣው ማታ ነው። ቱቦዎቹ የሚያልፉበትን ቀዳዳ ከዝገትና ከቀለም አጽዱ። ቱቦው በእጅ ግፊት መግባት አለበት እንጂ በመዶሻ አይደለም። ጎማውን ግጠሙ፣ ፎርኩን ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተጫኑት፣ ሁሉም ነገር ቦታውን ይያዝ። ከዚያ ታችኛውን ቡሎን፣ ቀጥሎ የመሐሉን ትልቅ ዳዶ፣ በመጨረሻ የላይኛውን አጥብቁ። ቡሎኑን ግራሶ አትቀቡት፤ ከተቀባ ያው ቁጥር ላይ ሆናችሁ ከሚገባው በላይ ታጠብቁታላችሁ።

የጎማው ፔርኖ፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበት ዘንግ፣ ጫፍ ላይ ያሉት ቆቦችም ይሰነጠቃሉ። ይህን በራሴ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያዋ 750ዬ ላይ የቆቡ ሁለት ዳዶ እኩል መጥበቅ አለበት ብዬ ክፍተቱ እስኪጠፋ ድረስ አጠበቅኩ። በሳምንቱ ሳጥባት ቆቡ ተሰንጥቆ አየሁት። ቆቡ ላይ ኤፍ የሚል ፊደል ወይም ቀስት ካለ ያ ወደ ፊት ይዞራል፤ የፊቱ ዳዶ ቀድሞ ይጠብቃል፣ ክፍተቱ ከኋላ ይቀራል። መቅረት ስላለበት ነው የቀረው። እሱን ለመዝጋት አትታገሉ።

ቨርጂኒያ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። 25 ዓመት ያለፋት ሞተር ሳይክል አንቲክ ታርጋ ልታወጡላት ትችላላችሁ። ደስ ይላል፤ የየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ይቀርላችኋል። በዚህ ታርጋ ሥራ መመላለስ አይፈቀድም፤ ለትርኢትና ከቤት እስከ 250 ማይል ድረስ ለመንሸራሸር ነው። ግን ምርመራው ሲቀር ስንጥቋን የሚያይ ሰውም አብሮ ይቀራል። የልጁ ሞተር ሳይክል ይሄ ታርጋ ነበራት። እሱ ራሱ ሊያጥባት ጎንበስ ባይል ኖሮ ስካይላይን ድራይቭ የተባለው የተራራ መንገድ ላይ፣ ሚዳቋ ዘልላበት ፍሬን ሲይዝ ነበር የሚያውቀው።

አዲሱን ገጥመን ስንጨርስ አሮጌውን ድልድይ አንሥቶ አየው። "ጋሼ፣ ይሄን እኮ ኢቤይ ላይ 40 ዶላር የሚገዛው አይጠፋም፤ ለጌጥ ነው ብዬ ብጽፍበትስ?" አለኝ።

የብረት መጋዙን ሰጠሁት። መሐል ለመሐል ቆርጦ ሁለት ቦታ ጣለው። እየቆረጠ ትንሽ አጉረመረመ፤ እኔም አልሰማሁም።