የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቶርኮል ሚዜዎች

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የኔንቴንዶ መጫወቻ ስለሌለኝ ከጓደኞቼ ጋር ፖኪሞን የምወዳደረው በኢንተርኔት ማሰሻ ላይ በነፃ በሚሠራው «ፖኪሞን ሾውዳውን» ነው፤ የምንመርጠውም ሁለት ለሁለት የሚደረገውን ግጥሚያ ነው። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ቶርኮልን፣ ያቺን ቅርፊቷ ውስጥ ከሰል የሚነድባትን ኤሊ ነው። በእሷ ዙሪያ ቡድን ልሥራ ብዬ «ኢራፕሽን» የተባለውን የእሳት ጥቃት ሰጠኋት፤ ከጎኗም ጋርቾምፕን፣ ድራጎናይትንና ሌሎች ሁሉም ሰው የሚያደንቃቸውን ፈጣን ፖኪሞኖች አሰለፍኩ። ዘገምተኛው እንዲቀድም የሚያደርገውን «ትሪክ ሩም» የሚጠቀም አንድ ፖኪሞንም ጨምሬያለሁ። ይሁን እንጂ ቶርኮል ብዙውን ጊዜ ሳትተኩስ ትወድቃለች፤ ብትተኩስም ተጋጣሚዎቼ ከግማሽ በላይ ሕይወት ተርፏቸው ይቆማሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የእሷ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የላኩልኝን የቡድን ዝርዝር አንድ በአንድ ተመልክቼዋለሁ። ጥፋቱ የቶርኮል አይደለም፤ ጓደኞቿ ናቸው ያልተስማሙት፤ እነሱም ቢሆኑ ደካሞች ሆነው ሳይሆን ለእሷ ተብለው ስላልተመረጡ ነው። በሠርግ ቀን ሙሽራዋ አንዲት ናት፤ ሚዜዎቹ ግን በመልካቸው ሳይሆን በሚሠሩት ሥራ ይመረጣሉ፣ አንዱ መንገድ ያስከፍታል፣ አንዱ ይሸከማል፣ አንዱ ነገር ያበርዳል። እርስዎ አምስት ሙሽሮች ጨምረው አንድም ሚዜ አልጠሩም።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለመረዳት ቶርኮል ምን እንዳላትና ምን እንደጎደላት በቁጥር ማየት ይረዳል። መሠረታዊ ነጥቦቿ ሕይወት 70፣ መከላከያ 140፣ ልዩ ጥቃት 85፣ ፍጥነት ደግሞ 20 ብቻ ናቸው፤ 85 ልዩ ጥቃት በዚህ ጨዋታ ውስጥ መካከለኛ እንጂ የሚያስፈራ አይደለም። አስፈሪ የሚያደርጓት ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው። አንደኛው «ድራውት» የተባለው ችሎታዋ ሲሆን ወደ ሜዳ በገባች ቅጽበት ፀሐይ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ፀሐይ ለአምስት ዙር ስትቆይ የእሳት ጥቃትን በ1.5 ታበዛለች፣ የውሃ ጥቃትን በግማሽ ትቀንሳለች። ሁለተኛው ኢራፕሽን ነው፤ ሕይወቷ ሙሉ ሲሆን ኃይሉ 150 ነው፤ ጥቃቱ የራሷ ዓይነት ስለሆነ በ1.5፣ በፀሐይዋ ደግሞ እንደገና በ1.5 ተባዝቶ፣ ሁለቱንም ተጋጣሚዎች በአንድ ጊዜ ስለሚመታ በ0.75 ሲቀነስ እንኳ 253 ገደማ ይደርሳል። ይህን ያህል ኃይል በአንድ ምት በሁለት ጠላት ላይ የሚያወርድ ጥቃት ጥቂት ነው።

ነገር ግን የኢራፕሽን ኃይል ከተኳሿ ሕይወት ጋር አብሮ ይወርዳል። ግማሽ ሕይወት ሲቀራት 150ው 75 ይሆናል። ተጋጣሚዎችዎ ተርፈው የሚቆሙበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ቶርኮል የተኮሰችው ከተመታች በኋላ ነው። ኃይሉ ቋሚ 95 የሆነው «ሂት ዌቭ» ከኢራፕሽን የሚበልጠው ሕይወቷ ከ63 በመቶ በታች ሲወርድ ስለሆነ (ሂት ዌቭ ከአሥር አንዴ ሊስት እንደሚችል ሳይረሱ) ሁለቱንም ማስታጠቅ ይበጃል፤ እርስዎ ግን ሂት ዌቭን ትተው ሦስት የማትጠቀምባቸውን ጥቃቶች አሸክመዋታል። በአንዱ ቦታ ለአንድ ዙር ከጥቃት የሚከልለውን «ፕሮቴክት»ን፣ በሌላው «ኧርዝ ፓወር»ን ወይም በፀሐይ ጊዜ ዙር ሳይወስድ የሚተኮሰውን «ሶላር ቢም»ን ያስገቡ።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት እንምጣ፤ እሱም ዝርዝሩ ላይ በአንዲት ትንሽ ቁጥር ውስጥ ተደብቋል። ሾውዳውን አዲስ ፖኪሞን ሲሠሩ በተፈጥሮ የሚታደሉትን ነጥቦች ሁሉ በራሱ ወደ 31 ከፍ ያደርጋቸዋል። ለአብዛኞቹ ፖኪሞኖች ይህ መልካም ነው። ለቶርኮል ፍጥነት ግን መርዝ ነው። በደረጃ 50 ላይ እርስዎ የሠሯት ቶርኮል ፍጥነቷ 40 ነው፤ የፍጥነት ነጥቡን ወደ 0 ዝቅ አድርገው፣ ልዩ ጥቃትን ጨምሮ ፍጥነትን የሚቀንሰውን «ኳየት» የተባለ ጠባይ ቢሰጧት ግን 22 ትሆናለች። ትሪክ ሩም የፍጥነትን ቅደም ተከተል ገልብጦ ዘገምተኛው እንዲቀድም የሚያደርግ በመሆኑ በ40 እና በ22 መካከል ያለው ልዩነት የጨዋታውን ዕጣ ይወስናል። ሆን ተብሎ የዘገየ አሙንገስ፣ ያ እንጉዳይ የመሰለው፣ ፍጥነቱ 31 ነው። በትሪክ ሩም ውስጥ የእርስዎን ቶርኮል ቀድሞ በ«ስፖር» ያስተኛታል፤ 22 ላይ ያለችውን ቶርኮል ግን ሊቀድማት አይችልም፣ ሳር በመሆኑም ይቃጠላል። በሥልጠና የሚገኙትን የጉልበት ነጥቦች 252 በሕይወት፣ 252 በልዩ ጥቃት ላይ ካደረጉ ሕይወቷ 177፣ ልዩ ጥቃቷ 150 ይደርሳል፤ ከዚህ በላይ ልናሰላላት የሚገባ ብዙ ነገር የለም።

ትሪክ ሩምን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ደብዳቤዎ አይገልጽም፤ ከውጤቱ ስገምት ግን ቶርኮልን በመጀመሪያው ዙር ያለ መከላከያ የሚተዉአት ይመስለኛል። ትሪክ ሩም በአንድ ዙር ውስጥ ከሌሎች ጥቃቶች ሁሉ በኋላ የሚፈጸም ነው። ስለዚህ የሚያደርገው ፖኪሞን ዙሩን ሙሉ ለዱላ ተጋልጦ ይቆያል፤ አጠገቡ ያለችው ቶርኮልም እንዲሁ። ተገቢው አካሄድ በመጀመሪያው ዙር ቶርኮል በፕሮቴክት ተሸፍና ሕይወቷን እንዳለ ማቆየት፣ ባልደረባዋ ደግሞ ትሪክ ሩምን መዘርጋት ነው። ትሪክ ሩም የተዘረጋበትን ዙር ጨምሮ አምስት ዙር ይቆያል፤ ቶርኮል ጨዋታውን የጀመረች ከሆነ ፀሐይዋም በአምስተኛው ዙር መጨረሻ ትጠልቃለች። ሁለቱ ሰዓቶች አብረው ያልቃሉ ማለት ነው፤ በእጅዎ የሚቀሩት ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ያሉት አራት ዙሮች ብቻ ናቸው። ጎበዝ ተጋጣሚ እነዚህን አራት ዙሮች በፕሮቴክትና በመቀያየር ሊያባክንብዎ ይጥራል፤ እርስዎም ትሪክ ሩምን በስህተት ደግመው ቢጠቀሙ እንደማይራዘምና ይልቁንም ወዲያው እንደሚፈርስ ልብ ይበሉ።

ታዲያ ትሪክ ሩምን ማን ይዘርጋው? እኔ ለእርስዎ የምመርጠው ፋሪጊራፍን ነው፤ ቀጭኔ የመሰለው፣ በስካርሌትና ቫዮሌት ጨዋታዎች የመጣው ነው። ምክንያቴም «አርመር ቴይል» የተባለው ችሎታው ቀድመው የሚፈጸሙ ጥቃቶች እሱንም ባልደረባውንም እንዳይነኩ ስለሚከለክል ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር አስደንግጦ የሚያስቆመው «ፌክ አውት» ትሪክ ሩሙን ሊያጨናግፍ አይችልም። ትሪክ ሩምን የመሰሉ ጉዳት የማያደርሱ ጥቃቶችን የሚከለክለው «ታውንት» የተባለው የማስቆጣት ጥቃት ግን በተለመደ ፍጥነት ከመጣ ያልፈዋል፤ ለዚህ አንድ ጊዜ የሚያድነውን «ሜንታል ኸርብ» ያሲዙት። ብዙ ተጫዋቾች ሃተሪንን ይመርጣሉ፤ «ማጂክ ባውንስ» የተባለው ችሎታዋ ታውንትን ወደ ላኪው ይመልሳል፣ ፌክ አውትን ግን አይመልስም፤ በዚህም ምክንያት ጥቃቶችን ወደ ራሷ ከምትስበውና መሬቱን በአእምሮ ኃይል ከምትሸፍነው ከሴቷ ኢንዲዲ ጋር ትጣመራለች። ያ ጥምረት ጠንካራ ነው፤ ቶርኮል ተጠባባቂ ሆና ኢንዲዲ ስትወድቅ በሙሉ ሕይወቷና በአዲስ ፀሐይ ትገባለች። ሆኖም በአንድ ጊዜ ሦስት ፖኪሞኖችን በትክክለኛው ሰዓት ማንቀሳቀስ ስለሚጠይቅ መጀመሪያ በፋሪጊራፍ እጅዎን ያፍታቱ።

ትሪክ ሩም ብቸኛ በር መሆን የለበትም፤ ተጋጣሚው አንዱን በር እንዴት እንደሚዘጋ ካወቀ ሁለተኛ በር ያስፈልጋል። የሂሱይ ሊሊጋንት (ሂሱይ በፖኪሞን ዓለም ያለ ጥንታዊ ክልል ነው) ይህን በር ትከፍታለች። «ክሎሮፊል» የተባለው ችሎታዋ በፀሐይ ጊዜ ፍጥነቷን እጥፍ ያደርገዋል፤ «አፍተር ዩ» የተባለው ጥቃቷ ደግሞ የመረጠችው ባልደረባ ከእሷ ቀጥሎ ወዲያው እንዲንቀሳቀስ ያዛል። ሊሊጋንት ትቀድማለች፣ ቶርኮልን ትጠራለች፣ ያቺ በሜዳው ላይ ከሁሉ የምትዘገየው ኤሊ ተጋጣሚዎቿ ሳይንቀሳቀሱ በሙሉ ሕይወቷ ትተኩሳለች። ፋሪጊራፍና ሊሊጋንት አብረው ወደ ሜዳ መውጣት የለባቸውም፤ ፈጣኗ በትሪክ ሩም ውስጥ የመጨረሻ ትሆናለችና። ስድስት ፖኪሞኖች አስመዝግቦ በእያንዳንዱ ግጥሚያ አራት መምረጥ የተፈቀደውም ለእንዲህ ያለው አማራጭ ይመቻል።

ስለ ጋርቾምፕዎ ግን ዝም ብል ይቆጨኛል። ያስታጠቁት «ኧርዝኩዌክ» ጠላቶችን ብቻ ሳይሆን ባልደረባንም የሚመታ ነው፤ ቶርኮል ደግሞ እሳት በመሆኗ ከመሬት ጥቃት እጥፍ ጉዳት ይደርስባታል። ከወደቀችባቸው ጨዋታዎች በስንቱ ገዳይዋ የራስዎ ጋርቾምፕ እንደነበረ ቅጂዎቹን መልሰው ይመልከቱ። በእሱ ምትክ ኡርሳሉናን ባስገባ እመርጣለሁ፤ እሱም የመሬት ዓይነት ነው፣ መሠረታዊ ጥቃቱ 140፣ ፍጥነቱ 50 በመሆኑ ከትሪክ ሩም ጋር ይስማማል፣ «ሄድሎንግ ረሽ» የተባለው ጥቃቱም አንድ ጠላት ብቻ መርጦ ይመታል። ድራጎናይት ይቆይ፤ ምክንያቱን ከታች እነግርዎታለሁ።

ዝናብ የቶርኮል ዋና ጠላት ነው፤ የእሳትን ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ዝናብ አምጪው ፔሊፐር በመጀመሪያው ዙር ከቶርኮል ጋር በአንድ ጊዜ ከወጣ ግን አትፍሩ፤ የፈጣኑ ችሎታ ቀድሞ፣ የዘገምተኛው ተከትሎ ስለሚሠራ የኋለኛው ያሸንፋል፣ ፍጥነቷ 20 የሆነውን ቶርኮልን በመዘግየት የሚበልጣት ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። አደጋው ፔሊፐር ወጥቶ ተመልሶ ሲገባ ነው። «ዋይድ ጋርድ» ሁለት ሰው የሚመቱ ጥቃቶችን ሁሉ ይከለክላል፤ ለዚያ ኧርዝ ፓወርና ሶላር ቢም አሉ። «ፍላሽ ፋየር» ያላቸው እሳትን ይጠጣሉ፤ ከእነሱ መካከል ብረትም እሳትም የሆነው ሂትራን በኧርዝ ፓወር አራት እጥፍ ይመታል።

ከግጥሚያው በፊት የተጋጣሚዎን ስድስት ፖኪሞኖች ሲያዩ ፔሊፐር፣ ዋይድ ጋርድ የሚያደርግና ፍላሽ ፋየር ያለው ሦስቱም ከተሰለፉ ቶርኮልን አያውጧት። ይህን ለመቀበል የሚቸገሩ እንደሚሆኑ ይገባኛል፤ ቡድኑ የተሠራው ለእሷ ነውና። ነገር ግን ተጋጣሚው እሷን ለመከላከል ሦስት ቦታ ካባከነ፣ ውሃንና እሳትን የሚቋቋመው ድራጎናይት ከኡርሳሉና ጋር ሆኖ ባዶ ሜዳ ያገኛል። ድራጎናይት ይቆይ ያልኩት ለዚያ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምወደው ፓቺሪሱን፣ ያን ሽኮኮ የመሰለውን የኤሌክትሪክ ፖኪሞን ነው። የዓለም ሻምፒዮና እንዳሸነፈ ሰምቻለሁ፤ ታዲያ በማንኛውም ፖኪሞን ዙሪያ ቡድን መሥራት ይቻላል ማለት አይደለም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ታሪኩ እውነት ነው፤ የተረዱት ግን በተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዋሽንግተን ዲሲ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ደቡብ ኮሪያዊው ሴጁን ፓርክ ፓቺሪሱን ይዞ ዋንጫውን ወሰደ። ሆኖም ቡድኑ በፓቺሪሱ ዙሪያ የተሠራ አልነበረም፤ ፓቺሪሱ የሌላ ፖኪሞን፣ የጋያራዶስ፣ ሚዜ ነበር። ጋያራዶስ ውሃና በራሪ በመሆኑ በኤሌክትሪክ አራት እጥፍ ይጎዳል፤ ፓቺሪሱ በ«ፎሎው ሚ» ጥቃቶችን ወደ ራሱ እየሳበ፣ «ቮልት አብዞርብ» በተባለው ችሎታው ኤሌክትሪኩን ወደ ሕይወት እየለወጠ ይጠብቀው ነበር። በ«ሱፐር ፋንግ» የጠላትን ሕይወት በግማሽ ይቀንሳል፣ በ«ነዝል» ያሽመደምዳል። ልብ ይበሉ፤ ሁለቱም የሚሠሩት 45 በሆነው ደካማ የጥቃት ነጥቡ ላይ ሳይመሠረቱ ነው።

ስለዚህ ፓቺሪሱን ከወደዱ ለእሱ አምስት አገልጋይ አይፈልጉለት፤ ኤሌክትሪክ የሚፈራ ነገር ግን ተከልሎ ከተረፈ የሚያሸንፍ አንድ ጠንካራ ፖኪሞን ይፈልጉና ፓቺሪሱን አጠገቡ ያቁሙት።