መስቀል አንግታችሁ ወደ ፍርስራሽ ለምትሄዱ ወጣቶች

ልጆቼ፣

የመሬት መንቀጥቀጥ ዜና በተሰማ ቁጥር ከየአጥቢያው "እንሂድ፣ እናገልግል" የሚሉ ወጣቶች ይነሣሉ። ፍቅራችሁን አልጠራጠርም፤ የሚያሳስበኝ ሥራው ነው። ቤቱ በላዩ የፈረሰበት ሰው እጁ የሚገባው ያመጣችሁለት ውሃ፣ ሸራና ሩዝ ነው። በጸሎት የመጣ ውሃም ክሎሪን ይፈልጋል።

ብዙ የሚያስተምረን የሄይቲ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 መጠኑ 7.0 የሆነ ርዕደ መሬት ከፖርቶፕረንስ በስተ ምዕራብ፣ ሌኦጋን አጠገብ ተነሣ። ካቴድራሉ ፈረሰ፤ ሊቀ ጳጳሱ ጆሴፍ ሰርጅ ሚዮም ሞቱ። ከአሜሪካ የብዙ አብያተ ክርስቲያናት ቡድኖች ወደዚያ ጎረፉ፤ ከነሱም መካከል ብዙ መልካም የሠሩ ነበሩ። ነገር ግን በዚያው ወር መጨረሻ 10 አሜሪካውያን ባፕቲስቶች 33 ሕፃናት ጭነው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊሻገሩ ሲሉ ድንበር ላይ ተያዙ። ወላጅ የላቸውም የተባሉት ልጆች ወላጆቻቸው በሕይወት ነበሩ። ልጆቹን አሳልፈው የሰጧቸው የትምህርትና የተሻለ ኑሮ ተስፋ ተሰጥቷቸው ነው።

ስለዚህ ብቻውን የቆመ ሕፃን ስታገኙ "ወላጅ የለውም" ብላችሁ አትደምድሙ። ስሙን፣ የአባትና የእናቱን ስም፣ የሰፈሩን መጠሪያ፣ የተገኘበትን ቦታና ሰዓት፣ የለበሰውን ልብስ ጻፉ። ጎረቤት ጠይቁ። ከዚያ ለመንግሥት የሕፃናት ጉዳይ ባለሥልጣን፣ ለዩኒሴፍ ወይም ቤተሰብ ለሚያገናኘው ለቀይ መስቀል አስረክቡ። ልጁን ከአካባቢው ባራቃችሁት ቁጥር የሚፈልገው ሰው የሚያገኘው እየከበደ ይሄዳል። ሌላም አለ፦ የዱቄት ወተት ይዛችሁ አትሂዱ። ንጹሕ ውሃና የፈላ ጡጦ በሌለበት ሰፈር የዱቄት ወተት ሕፃኑን በተቅማጥ ይገድለዋል። እናቲቱን አብሉ፣ አጠጡ፣ ጥላ ሥር አስቀምጡ፤ ጡት ማጥባቷን እንድትቀጥል አግዟት።

ሄይቲ ያስተማረችን ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኮሌራ ገባ። የመጣው ሚርባሌ አጠገብ ከነበረው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ሠፈር ነው፤ የመጸዳጃው ፍሳሽ ወደ ወንዝ ወረደ። ከ820 ሺህ በላይ ሰው ታመመ፣ 10 ሺህ ገደማ ሞተ። ድርጅቱ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ነው። ለመርዳት የሚሄድ ሁሉ ሽንት ቤት ይጠቀማል። ድንኳናችሁን ከመትከላችሁ በፊት የራሳችሁን ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ከማንኛውም የውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ የጉድጓዱም ወለል ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። ለተፈናቃዮች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለ50 ሰው አንድ መጸዳጃ ይደርሳል፤ ውሎ ሲያድር ለ20 ሰው አንድ መሆን አለበት። የሴቶቹ ለብቻ ይሁን፣ ከውስጥ የሚቆለፍ መቀርቀሪያ ይኑረው፣ ማታ መብራት ይድረሰው። መቀርቀሪያ የሌለው ሽንት ቤት ሴት አትገባበትም፤ ጨለማ ጠብቃ ሜዳ ትወጣለች፣ የምትደፈረውም እዚያ ነው።

ስለ ውሃው በደንብ ላስረዳችሁ፤ ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ብላችሁ አስሉ። አንድ ባለ 5 ሺህ ሊትር ሮቶ አንዴ ቢሞላ ለ330 ሰው ገደማ ይበቃል ማለት ነው። ለአንድ ቧንቧ ከ250 ሰው በላይ አታድርጉ፤ ሰልፉ ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ሰው ወደ ቆሻሻው ኩሬ ይመለሳል። ክሎሪኑን በግምት አትጨምሩ። 70 በመቶ የሆነውን የክሎሪን ዱቄት 15 ግራም በአንድ ሊትር ውሃ ስትበጠብጡ የ1 በመቶ ብጥብጥ ይሆናል። ምንጊዜም ዱቄቱን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃውን ዱቄቱ ላይ ካፈሰሳችሁ ይግላል፣ ይረጫል፣ ጋዝም ያወጣል። ጓንት አድርጉ፣ ደጅ ሥሩ፣ የብረት ዕቃ አትጠቀሙ።

ከዚያ አራት ባልዲ ውሰዱና በእያንዳንዱ ከሮቶው 20 ሊትር ቅዱ። በመጀመሪያው 1 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ፣ በሁለተኛው 1.5፣ በሦስተኛው 2፣ በአራተኛው 2.5 በመርፌ ጨምሩ። አማስሉ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ የክሎሪን መፈተሻ በሆነው የዲፒዲ ክኒን በውሃው ውስጥ የቀረውን ክሎሪን ለኩ። ውሃው ወደ ሮዝ ይቀየራል፤ ቀለሙን ከመለኪያው ጋር አስተያዩ። ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር ያለውን ባልዲ ምረጡ። ሦስተኛው ከሆነ ለ5 ሺህ ሊትሩ 2 ሚሊ ሊትሩን በ250 ማባዛት ነው፤ ግማሽ ሊትር ብጥብጥ ይገባል። በአራቱም ባልዲ ሮዝ ካልታየ አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ድፍርስ ነው፤ ክሎሪኑን ጭቃው በልቶታል። አስቀድማችሁ አጥሉት፣ ካስፈለገም ጭቃውን በሚያዘቅጠው በአሉም አጥሩት። ቀሪ ክሎሪኑን ቧንቧው ሥር ብቻ ሳይሆን በየድንኳኑ ጀሪካን ውስጥም ለኩ። ውሃ ንጹሕ ሆኖ ተቀድቶ አፉ በተከፈተ፣ በታጠበም በማያውቅ ጀሪካን ውስጥ ይበላሻል። ለዚህ ነው ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ክዳን ያላቸው ጀሪካኖች የሚሰጡት፤ አንዱ ለመቅጃ፣ አንዱ ለማስቀመጫ።

ሸራ ስትሰጡ ገመዱንና ቋሚውን አብራችሁ ስጡ፤ አለዚያ ሰዉ ጣራ አያወጣበትም። 4 በ6 ሜትር ሸራ ለአምስት ሰው ይሆናል፤ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ይታሰባል። ዙሪያውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ አስቆፍሩ።

እህል ከመኪና ላይ አትወርውሩ። ጉልበተኛው ይወስዳል፣ አሮጊት ትረገጣለች። በሄይቲ የዓለም ምግብ ፕሮግራም መላ ያገኘው ኩፖኑን ለሴቶች በመስጠት ነው፤ በዋና ከተማዋ 16 ቦታዎች ላይ በኩፖን 25 ኪሎ ሩዝ ታደለ። እናንተም ዝርዝሩን ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር አዘጋጁ፣ በዋዜማው ሁሉም በሚያየው ቦታ ለጥፉ፣ ለየቡድኑ ሰዓት ስጡ፣ መግቢያና መውጫውን በገመድ ለዩ። ካላችሁ እህል በላይ ኩፖን አትስጡ። ሰልፉ ሳያልቅ እህሉ ካለቀ፣ ያን ቀን የተናገራችሁትን ሁሉ ሰው አያምንም።

አሁን ወደ መስቀሉ ልምጣ። የቀይ መስቀል እንቅስቃሴና ረድኤት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ እርዳታ የማንም ሃይማኖት ወይም ፖለቲካ ማራመጃ አይሁን ይላል፤ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶችም ፈርመውታል። እኔም ከልቤ አምንበታለሁ። ለሩዝ በተሰለፈ ሰው ፊት ስብከት ስታደርጉ ሰውዬው መሄድ አይችልም፤ "አሜን" ቢልም ልጆቹ ስለራባቸው ነው። ሰልፍ ላይ ጸሎት አታስመሩ፣ ትራክት ከረጢት ውስጥ አትክተቱ። ሰው በራሱ አንደበት "ጸልዩልኝ" ካላችሁ ጸልዩ፤ ከማደያው ርቃችሁ፣ በሌላ ሰዓት፣ የሥራ ሰደሪያችሁን አውልቃችሁ። ኢማም ጥሩልኝ ቢላችሁም በፍጥነት ሂዱና ጥሩለት። ፎቶም እንዲሁ ነው፤ እህል የተቀበለ ሰው ፊቱን ለእናንተ የመስጠት ዕዳ የለበትም።

ይህ ለአገራችንም ቅርብ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአፋር ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቅሏል፤ አብዛኛው ሙስሊም አርብቶ አደር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ስትሄዱ እደላውን በጁምዓ ሰዓት አታድርጉ፤ ሥጋ ካቀረባችሁም እርዱን ለነሱ ተዉ። ከብቱንም አትርሱ። ፍየሎቹ ውሃ ካላገኙ ቤተሰቡ ከእናንተ ሮቶ ቀንሶ ያጠጣቸዋል።

ለራሳችሁም ተጠንቀቁ። ኔፓል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2015 በ7.8 የተመታችው ቅዳሜ እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ቅዳሜ የእረፍት ቀናቸው ስለሆነ የዚያ አገር ክርስቲያኖች የሚያመልኩት ያን ቀን ነው፣ በጸሎት ላይ እንዳሉም ቤተ ክርስቲያን የፈረሰባቸው አሉ። ከ17 ቀን በኋላ 7.3 የሆነ ሌላ መንቀጥቀጥ መጣ። የተሰነጠቀ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትደሩ፣ ጸሎትም አታድርጉ፤ መሐንዲስ እስኪያየው ደጅ ይበቃል። እግሩ ፍርስራሽ ሥር ለሰዓታት የቆየ ሰው ስታገኙም ድንጋዩን ከማንሣታችሁ በፊት የሕክምና ሰው ጥሩ። የተጨፈለቀው ጡንቻ ያጠራቀመው መርዝ በአንዴ ወደ ደሙ ሲለቀቅ ልብና ኩላሊቱን ይመታል፤ በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ፈሳሽ (ኖርማል ሳላይን) ቀድሞ መጀመር አለበት።

መመለሻችሁን ከመሄዳችሁ በፊት አስቡ። ከዚያው ሰፈር አንዲት ሴትና አንድ ወንድ መርጣችሁ የባልዲውን ሙከራ በእጃቸው እንዲሠሩት አድርጉ፤ እናንተ ሳትነኩ ሦስት ጊዜ በትክክል እስኪሠሩት ጠብቁ። የዲፒዲ ክኒን፣ መርፌ፣ የቧንቧ ጎሚኒና የሦስት ወር ክሎሪን ትታችሁላቸው፣ የሚገዛበትንም ሱቅ አሳይታችሁ ውጡ።