ጨረር የሚባል ዓሣ አለ?

ጥያቄ፦ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ የእንግሊዝኛ የባዮሎጂ መልመጃዋን በስልኳ ስታስተረጉም «ግዙፉን ማንታ ጨረር ከሊቸን መሰል ፈንገስ ጋር አወዳድሪ» የሚል ወጣላት። ጨረር ምን ዓይነት ዓሣ ነው? ሊቸንስ አማርኛ የለውም?

መልስ፦ ጨረር የሚባል ዓሣ የለም፤ ስልኩ ነው የተሳሳተው። እንግሊዝኛ «ሬይ» ብሎ የሚጽፋቸው ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የብርሃኑ «ሬይ» ከላቲኑ «ራዲየስ» የመጣ ነው። የዓሣው ደግሞ ከ«ራያ» ነው፤ ራያ በላቲንም የዚያው ዓሣ ስም ነበር። የእኛን «ዋና ከተማ» አንዱ «የሚዋኝበት ከተማ» ብሎ ቢተረጉመው ማለት ነው፤ አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል፣ ፊደሉ ግን አይለያቸውም።

የሐይቁን ዓሣ ቆሮሶ፣ አምባዛ እያለ የሚጠራው አማርኛ ለዚህኛው የባሕር ዓሣ ስም አላወጣለትም። ስለዚህ ያለ ሐፍረት «ማንታ ሬይ» በሉት። «ማንታ» እንኳ ከስፓኒሽ የመጣ ነው፤ ብርድ ልብስ ማለት ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ እኔ ብሰይመው ኖሮ «ጋቢ ዓሣ» እለው ነበር።

ሊቸን ግን ባዕድ አይደለም። በደጋ ድንጋይ ላይ እንደ አመድ ተለጥፎ፣ በአስታ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ እናየዋለን፤ «የድንጋይ ሽበት»፣ «የዛፍ ሽበት» የሚሉት አሉ። በሳይንሱ ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት ነው። «ሽበት መሰል ፈንገስ» ካልን ግን የተናገርነው ስለ መልኩ ብቻ ነው፤ አልጌ ይኑረው አይኑረው አይገልጽም። ፈንገስን «ሻጋታ» ማለትም አይበቃም፤ እንጉዳይም እርሾም ፈንገስ ናቸው።

ያልጠየቁኝን ልጨምር፤ «አወዳድሪ» የሚለውም አልጣመኝም። ውድድር አሸናፊ ይፈልጋል፤ ዓሣና ፈንገስ ምን ያሽቀዳድማቸዋል? «አነጻጽሪ» ይሻላል። ሥሩ የግዕዙ «ነጸረ»፣ ማለትም ተመለከተ ነው፤ «መነጽር»ም ከዚያው የወጣ ነው። እንግዲህ ልጅዎ «ግዙፉን ማንታ ሬይ ከሽበት መሰል ፈንገስ ጋር አነጻጽሪ» ብላ ትጻፈው፤ ሊቸን የሚለውን ለፈተናው ስለሚያስፈልጋት ከጎኑ ትያዘው።