ጊደሯ ውሃ ትጠጣለች

ልጆች፣ ለፋሲካ ማዕድ ልታጋሩ መዋጮ ስትሰበስቡ ቤቴ መጥታችሁ ነበር። ዝርዝሩን አሳያችሁኝ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ዶሮ፣ 5 ሊትር ዘይት፣ 5 ኪሎ ዱቄት። ከሥሩ «ባነር ማሠሪያ» የሚል አለ። የቻልኩትን ሰጥቼ ሸኘኋችሁ። ያቺ ባነር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። የሁለት ዶሮ ዋጋ ነበረች እኮ!

ማዕድ ማጋራት ክፉ ነው አልልም። በዓል ደርሶ ቤቱ ሽንኩርት ያልተቁላላበት ሰው ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ የጎረቤትን ወጥ ሽታ ግድግዳ አያግደውም። ስለዚህ ዶሮዋን ስጡ። እኔ ላወራችሁ የፈለግሁት ሌላ ነው። አንድን ቤተሰብ ከችግር እናወጣለን ብላችሁ ስትነሱ ስለሚመጣው ጣጣ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ለችግረኛ ቤተሰብ በግ፣ ፍየል፣ ዶሮና ጊደር ሳከፋፍል ከ30 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ከሁሉም የማልረሳት አንዲት ጊደር ናት።

የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ነው፣ ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ። ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት እሠራበት ከነበረው ድርጅት ድቅል ጊደር ደረሳት። በርክክቡ ቀን የጊደሯ አንገት ላይ ሪባን አስረን ፎቶ ተነሳን። ለሁለት ዓመት እንዳትሸጣት ውል አስፈረምናት። ፊርማው የአውራ ጣት ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ ለክትባት ሄድኩ። ጊደሯ አምሮባታል፤ ፀጉሯ ያብለጨልጫል። ደስ ብሎኝ ዙሪያዋን ስዞር ትልቋ ልጅ ጀሪካን አዝላ መጣች። ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ረፋድ ላይ። «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አልኳት። መልስ ሳትሰጠኝ እናቷን አየቻት።

እንዲህ ያለች ጊደር በቀን ሁለት ጀሪካን ውሃ ትጠጣለች። ምንጩ ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከብት ስንት ሊትር እንደሚፈልግ እኔ ሐኪሙ በቃሌ እወጣዋለሁ። ማን እንደሚቀዳው ግን አልጠየቅሁም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት እናትየዋን።

«አምነው አደራ የሰጡኝን ከብት እንዴት ላስጠማት?» አለችኝ።

ልብ በሉ፣ አደራ ነው ያለችው። እኛ ስጦታ እንላለን፣ እሷ አደራ ትላለች፣ ጎረቤቱ ደግሞ «የድርጅቱ ጊደር» ይላታል።

በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ያን ቀን ጠየቅኋት። ምን ብናደርግልሽ ይሻልሽ ነበር? መልሱ አፏ ላይ ነበር። መሬት አላት፤ በሬ የላትም። በአገሩ ልማድ ደግሞ ሴት እርፍ አትጨብጥም። ስለዚህ መሬቷን በእኩል ሰጥታዋለች፤ ሌላ ሰው ያርሰውና ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። «የአንድ ክረምት የበሬና የአራሽ ኪራይ፣ ትንሽ ዘር። ከዚያ ወዲያ አላስቸግርም» አለች። ሒሳቡን እዚያው መዳፌ ላይ ሠራሁት። የጊደሯን ዋጋ ሩብ አይሞላም።

ቢሮ ተመልሼ ነገሩን አነሳሁ። በጀቱ የተፈቀደው ለጊደር ነው ተባልኩ። እኔም አርፌ «ጊደሯ በጥሩ ሁኔታ ላይ ትገኛለች» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም። የልጅቷ ሁኔታ የሚሞላበት ቦታ ፎርሙ ላይ አልነበረም።

የሽማግሌ ቁጭት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ከአጥኚዎቹ ሁለቱ፣ አብሂጂት ባነርጂና አስቴር ዱፍሎ፣ በ2019 ኖቤል ተሸልመዋል። በስድስት አገሮች ከ10,000 በላይ በጣም ድሃ ሰዎችን ተከታተሉ። አንዷ አገር ኢትዮጵያ ነበረች፣ ትግራይ ውስጥ። እዚያ ሰው የተሰጠው እንስሳ ብቻ አይደለም። እንስሳው እስኪደርስ የዕለት ጉርስ፣ ሥልጠና፣ ቁጠባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሁለት ዓመት ያህል ቤት ድረስ እየመጣ «እንዴት ሆናችሁ?» የሚል ሰው ነበረ። ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላ ሲታዩ ኑሯቸው ተሻሽሎ ቆይቷል። ሆንዱራስ ግን አልሆነም። ብዙ ሰው ዶሮ መርጦ ነበር፤ ዶሮዎቹ በበሽታ አለቁ። ሳነበው ሳቅም እንባም ተናነቀኝ። ፈንግል የገባበት ሰፈር ዶሮው እንዴት እንደሚረግፍ ለእኔ ነው የሚነገረኝ? ለእርባታ ዶሮ ልታድሉ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ፣ ሳይከተብ አትስጡ።

አያቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ ይሻሉ ነበር። ርቢ የሚባል ልማድ አለ። ያለው ሰው እንስት በጉን ለሌለው ይሰጥና ግልገሎቹን ይካፈላሉ። አርቢዋ ታዲያ ለማኝ አይደለችም፣ ሸሪክ ናት። «በግህ አልሆነችልኝም፣ ናና ውሰዳት» ብትል የሚቀየማት የለም። የእኔ ጊደር ይህ ነው የጎደላት። አትሆነኝም ብሎ መመለስ የማይቻል ስጦታ ነበረች።

እናንተ ከተማ ስለሆናችሁ ለመጠየቅ ብዙ መንገድ አላችሁ። የተቸገረውን ለማወቅ መጀመሪያ የዕድሩን ዳኛ አናግሩ፤ ማን ወርሃዊ መዋጮ እንዳቃተው ያውቃል። ችግሩን ሸፍኖ የሚኖር ሰው እናንተ ባነር ዘርግታችሁ ስትጠሩ አይመጣም። ቤቱ ስትገቡ ዕቃ ይዛችሁ አትግቡ፣ ቡና ይዛችሁ ግቡ። የቤት ኪራይ ውዝፍ ሊሆን ይችላል ያስጨነቀው፣ የጉልት መነሻ ሊሆን ይችላል። ብር ከሆነ የሚፈልገው ብር ስጡት። «ይጠጣበታል» የሚለው ወሬ እኔ ባየሁት ልክ አይደለም፤ የጠጣ ሰው አላጋጠመኝም አልልም፣ ያባከንነው እኛ ግን እንበልጣለን። ቴሌብር ካለ ደግሞ ፎቶ የሚያነሳም የለም። በወሩ ተመልሳችሁ ሂዱ። ያኔ የሚነገራችሁ የመጀመሪያ ቀን ከሚነገራችሁ ይለያል።

ጊደሯን ትጠይቁኝ ይሆናል። በተከታዩ በጋ ድርቆሽ ጠፋ። እናትየዋ ልሽጣት ብላ ቢሮ ድረስ በእግሯ መጣች። ውሉ አይፈቅድም። የከብት ሞት የማረጋግጠው ግን እኔ ነበርኩ። «በበሽታ ሞተች» ብዬ ፈረምኩ። እንዲህ አድርጉ እያልኳችሁ አይደለም፤ አለቃዬ ቢያውቅ ኖሮ ዛሬ ጡረታ አይኖረኝም ነበር። «የሞተችው» ጊደር ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ደህና ዋጋ አወጣች።

ክረምቱ አልፎ በጥቅምት በዚያ ሳልፍ ልጅቷ መኪናዬን አስቆመች። በፌስታል የባቄላ እሸት አቀበለችኝና «ረፍዶብኛል» ብላ ሮጠች። ደብረ ብርሃን እስክገባ እየፈለፈልኩ በላሁት።