መልስ፦ ጃፓን በ1964 ከአበበ ድል ሌላ

ወንድሜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ጃፓን ውስጥ ከአበበ ቢቂላ የማራቶን ድል ሌላ ምን ተከሰተ ብለህ ለጠየቅከው፣ እኔ የማስቀድመው የጁን 16ቱን የኒጋታ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ውኃ ያዘለው አሸዋማ መሬት እንደ አጥሚት ሲቀጥን ባለ አራት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች ሳይፈርሱ እንዳሉ ተጋደሙ። ከአንደኛው ሰዎች የወጡት በውጭ ግድግዳው ላይ እየተራመዱ ነበር! መሐንዲሶች አፈር እንዴት እንደሚከዳ አጥብቀው ማጥናት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ኦክቶበር 1 ቀን ቶኪዮንና ኦሳካን ያኔ በአራት ሰዓት ጉዞ ያገናኝ የነበረው ፈጣን ባቡር ሥራ ጀመረ። በአሥረኛው ቀን የኦሎምፒኩን ችቦ የለኮሰው ዮሺኖሪ ሳካይ፣ አቶሚክ ቦምቡ በወደቀበት ዕለት እዚያው ሂሮሺማ ግዛት የተወለደ ወጣት ነበር፤ ይህ ምርጫ እስካሁን ልቤን ይነካዋል። ኖቬምበር ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢኬዳ በሕመም ምክንያት ሥልጣን ለቀው ሳቶ ተተኩ።